የአሥር ሰዓቱ ጥያቄ

ጎንደር ቴሌፎን ቤት ስቀጠር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ባል አግብቼ፣ ባል ቀብሬ፣ ተመልሼ አባቴ ቤት ገብቻለሁ። ባሌ ነጋዴ ነበር፤ በተጋባን በዓመቱ ወደ መተማ ወርዶ በንዳድ ሞተ። ልጅ አልወለድንም። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ አንድ ዓመት ሰው ለማወቅ አይበቃም፣ እሱም ግማሹን መንገድ ላይ ነው የጨረሰው። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ነው የሞተችው። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ከተማሪዎቻቸው ጋር ይውሉና ሲመሽ ደክሟቸው ገብተው ይተኛሉ። እኔን የሚያናግረኝ ሰው በሳምንት አንዴ ቢገኝ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ድረስ ስለ ተማርሁና ድምፄም ጥርት ያለ ነው ስለ ተባለ ማዞሪያው ላይ አስቀመጡኝ። ቤቱ ከአራዳ ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ፣ ግድግዳው ወፍራም ቤት ነበር፤ በበጋ እንኳ ይበርዳል። ከፊቴ አንድ የእንጨት ሰሌዳ ተገትሯል፤ በላዩ ቀዳዳዎች፣ በየቀዳዳው አጠገብ ትንንሽ ክዳኖች አሉት። ሰው ሲደውል ክዳኑ ጠብ ይላል፤ እኔ ገመዱን እሰካና «አቤት፣ ከማን ላገናኝ?» እላለሁ። ነጋዴውን ከማክሰኝት እህል ሻጭ፣ ሹሙን ከሹም፣ ዘመዱን ከዘመድ ሳገናኝ እውላለሁ። ለእኔ ብሎ የሚደውል ግን አንድም ሰው አልነበረም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ እንዲያ ነበር።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት በሁለት ሰዓትና ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት፣ የገጠሩን መስመር መፈተን ሥራዬ ነው። ወደ ሰሜን የሚሄደው ሽቦ በዳባት አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። «ሀሎ ደባርቅ» እላለሁ፤ «አቤት ጎንደር» ይላል የአንድ ወንድ ድምፅ። መስመሩ መጥራቱን ለማወቅ ትንሽ መነጋገር ያስፈልጋልና መመሪያው ከአንድ እስከ አሥር ቁጠሩ ይላል። እኔ እቆጥራለሁ፣ እሱ ይቆጥራል፣ እንዘጋለን። ስሙን አልጠየቅሁም፣ ስሜን አልጠየቀኝም። እኔ ጎንደር ነኝ፣ እሱ ደባርቅ ነው።

እንዲህ ስንቆጥር ሁለት ወር ያህል ከሄደ በኋላ አንድ ቀን፣ ሰባት ላይ ሲደርስ ቆጠራውን አቋረጠና፣

«ጎንደር፣ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

ቀልቤ ተገፈፈ። ሽቦው አንድ ነው፤ ዳባት ላይ ስልኩን ያነሣ ሰው የምንለውን ሁሉ ይሰማል ብዬ አምን ነበር። የመምህሩ ልጅ፣ ያቺ ባሏ የሞተባት፣ በመንግሥት ስልክ ከወንድ ጋር ትጫወታለች ሲባል፣ ወሬውም አባቴ ከቆሙበት ማኅሌት ሲደርስ ታየኝ።

«መንግሥት ይህን ሽቦ የዘረጋው የሰው ዘር ለመቁጠር አይደለም» አልሁት። «መናገር ካማረህ እንደ ተማሪ ቤት ልጆች ጠቅላላ ዕውቀት ጠይቅ። ስለ ራስ መጠየቅ ክልክል ነው።»

ሽቦው ላይ የነፋሱ ፉጨት ብቻ ቀረ። ተቀይሟል ብዬ ልዘጋ ስል፣

«እሺ» አለ፣ «ጠገራው ብር ላይ ያለችው ሴትዮ ማን ናት?»

አላወቅሁም። በልጅነቴ ስንት ጊዜ በእጄ ይዣታለሁ፣ ያንን የተገለጠ ደረቷን እያየሁ ስንት ጊዜ አፍሬላታለሁ፤ ማን ናት ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። «ነገ በአሥር ሰዓት እነግርሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ነገሩ የተጀመረው በዚህ ነው።

ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት መሄዱን ትቼ አራዳ ወረድሁና አንድ ብር አንጥረኛ ጠየቅሁ። «እኔ የማውቃት በማቅለጥ ነው» አለኝ። ያም ሆኖ ከሣጥኑ አንዷን አውጥቶ ልብሷ ላይ የተሰካውን ጌጥ አሳየኝ፤ የደጋ ሰው የጌጡ ፍሬዎች አንድ በአንድ ካልታዩት ብሩን አልቀበልም ይል ነበር አለ። ማንነቷን የነገረኝ አንድ የተማሪ ቤት አስተማሪ ነው። የኦስትሪያ ንግሥት ነበረች፤ ከሞተች በኋላም ብሩ ሁልጊዜ የሞተችበትን ዓመት እንደ ያዘ ይመታል። በማግስቱ ይህን ሁሉ ለደባርቅ ተናገርሁ። የምለውን የሚያዳምጥ ሰው ትንፋሽ በጆሮዬ ስሰማ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው!

«ከሞተች ወዲህ አላረጀችም ማለት ነው» አለ።

«አላረጀችም።»

«ሸጋ። አሁን ደግሞ አንቺ ጠይቂ።»

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ ሆነ። በአሥር ሰዓት ይጠየቃል፣ በማግስቱ በአሥር ሰዓት ይመለሳል። ስለ ታሪክ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ስፖርት፣ ስለ ቃል፣ ያገኘነውን። እኔ ኳስ ጨዋታ ላይ ለምን አሥራ አንድ ሰው እንደሚሰለፍ ጠየቅሁት፤ ሦስት ቀን ጊዜ ወስዶ «የሚያውቅ ጠፋ፤ አንዱ እንዲያው አሥራ ሁለተኛው ታሞ ቀርቶ ይሆናል አለኝ» ብሎ አሳቀኝ። እሱ «መኪና» እና «ቦርሳ» የማን ቃል ናቸው አለኝ። የጣሊያን ናቸው አልሁት። ሲሄዱ ያልወሰዱት ይህን ነው አለና ሳቀ። ሲስቅ መጀመሪያ ትንፋሹ ነው የሚሰማው፣ ሳቁ ቆይቶ ይከተላል። ይህን ያወቅሁት በጆሮዬ ነው፤ ዛሬም አልረሳሁትም።

አንድ ጊዜ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ስንት የመላእክት ፊት ተስሏል ብሎ ጠየቀኝ። እዚያው ጎንደር ተወልጄ፣ ከዚያ ጣሪያ ሥር ስንት ጊዜ አስቀድሼ፣ አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀርቼ አንገቴን ቀና አድርጌ ቆጠርሁ። ሁለተኛ ብቆጥር ሌላ ቁጥር መጣ። ሦስተኛ ብቆጥር ሌላ። አንድ ቄስ መጥተው «ልጄ፣ ስእለት ነው?» አሉኝ። ጠቅላላ ዕውቀት ነው ለማለት አፍሬ አዎን አልኋቸው። ሰኞ ሦስቱንም ቁጥር ለደባርቅ ነገርሁት። «ሦስቱንም ጽፌያለሁ» አለ። እውነትም የብርዕ ድምፅ ይሰማ ነበር። ይህ ሰው የምለውን ይጽፈዋል ማለት ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ሌላ ጊዜ የጎንደርን አርባ አራት ታቦት በየስማቸው ቁጠሪልኝ አለኝ። ይህን አባቴን ጠየቅሁ። በጣታቸው እየቆጠሩ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ደርሰው ቆሙ። የቀሩትን እንዲያሟሉላቸው አንድ ጓደኛቸውን አስጠሩ፤ ሁለቱም መምህራን እስኪመሽ ተከራከሩ፤ አንዱ የቆጠረውን ሌላው ከከተማው ውጭ ነው ይላል። አርባ አራት መሆኑን ግን ሁለቱም ለአፍታ አልተጠራጠሩም። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ «ዛሬስ ምን ተጠየቅሽ?» ይሉኝ ጀመር። ማን እንደሚጠይቀኝ አልነገርኋቸውም፤ መሥሪያ ቤቱ ይመስላቸው ነበር። ቴሌፎን በግእዝ ምን ይባላል ብዬ ስጠይቃቸው ሁለት ቀን አሰቡበትና «ቃለ ርኁቅ በዪው» አሉ፤ የሩቅ ሰው ቃል ማለት ነው።

እውነቱን ልናገር። ለአሥር ሰዓት ብዬ ሹሩባ ተሠራሁ። ሽቦው ሹሩባ የሚያይ ይመስል! ለአሥር ሰዓት ብዬ ነጠላዬን አጠብሁ። ጠዋት ስነሣ የማስበው የአሥር ሰዓቱን ጥያቄ ነው፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ተሠርቶ ሲዘጋ የሚከፋኝ፣ እሑድን የምጠላው በዚሁ ነው። ወድጄው ነበር። ዕድሜውን አላውቅም፣ መልኩን አላውቅም፣ ሚስት ይኑረው አይኑረው አላውቅም። የደባርቅ መንገድ ሾፌሮችን አንድ ቃል ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበር፤ ግን መጠየቁ ራሱ ወሬ ይሆናል። ለእሱ ደግሞ «ስለ ራስ አይጠየቅም» ያልሁት እኔው ነኝ፤ በቀጭን ድምፄ፣ በዚያ ባለጌ ቁጣዬ። ቃሌን እንዴት አድርጌ ልጠፈው? ኩራት ደግሞ ሞልቶኝ ነበር። እሱ ይተላለፈው ብዬ ጠበቅሁ። እሱም ጠበቀው፤ እንደ ወታደር ጠበቀው።

በሦስተኛው ዓመት አባቴ ሞቱ። ታመው የቆዩት አምስት ቀን ብቻ ነው። ቀብሬ፣ ሰባት ቀን ቤት ተቀምጬ፣ ስምንተኛው ቀን ጥቁር ለብሼ ማዞሪያዬ ላይ ተቀመጥሁ። አሥር ሰዓት ሲደርስ ገመዱን ሰካሁ።

«ሀሎ ደባርቅ።»

«አቤት ጎንደር» አለ። «ሳምንቱን ሌላ ሰው ነበር።»

«አዎን።»

ጠበቅሁ። ምነው ጠፋሽ፣ ምን ሆነሽ ነው ይለኛል፣ እኔም አባቴ ሞቱብኝ እለውና አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅሁ። የደባርቅ ነፋስ ጆሮዬ ላይ አፏጨ።

«ያ ወታደር ሮማ ላይ ባዶ እግሩን ሮጦ ያሸነፈው ማራቶን» አለ ቀስ ብሎ፣ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ከአንድ መቶ ዘጠና አምስት ሜትር» አልሁና ገመዱን ነቀልሁት። ያን ጊዜ ያንን ቁጥር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ እሱም ያውቀዋል። ሌላ የሚለው ጠፍቶት መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው። ያን ቀን ግን ተናደድሁበት። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እንዲጠብቀው ግን አልፈለግሁም።

የአባቴ ተማሪዎች ሌላ መምህር ፍለጋ ተበተኑ። ቤቱ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ ጠፋ። ጥያቄው ቀጠለ፣ እኔም መልሱን ፍለጋ በአራዳ እዞራለሁ፤ ማታ ዛሬስ ምን ተጠየቅሽ የሚለኝ ግን የለም። ደባርቅም ከዚያ በፊት ጀምሮ ድምፁ ተለውጦ ነበር። ጥያቄው አጭር፣ ሳቁ ጥቂት። ምክንያቱን ሳልጠይቅ ዓመት አለፈ።

ከዚያ አንድ ቀን ጠፋ። አሥር ቀን ሙሉ አንድ ዘበኛ እያነሣ «ሀሎ! ሀሎ!» ብሎ ጮኾ ይዘጋል። በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰ። ድምፁ ሻክሯል፣ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ምን ሆነህ ነው ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የአባቴ ሳምንት ትዝ አለኝና ዋጥሁት። እሱ እኔን መቼ ጠየቀኝ? ዋጋውን ልስጠው ብዬ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ በኳስ ጨዋታ በረኛው ብቻ በእጁ እንዲነካ ማን ፈቀደለት አልሁት።

«አላውቅም» አለ። ነገ እነግርሻለሁ እንኳ አላለም።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ እየተጎተተ ሄደ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ እኔ የምጠይቅበት ተራ ሆኖ ሳለ፣

«ጎንደር፣ ዛሬ ከደንቡ ልወጣ ነው» አለኝ። «ሴት ልጅ ተወልዳልኛለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሰማንያ ቀኗ ነው። ክርስትና አንሺልኝ።»

ሚስት አለው ማለት ነው። ይህ ብቻ ነው የተሰማኝ። ስለ ኳስና ስለ ጠገራ ብር ስንነጋገር፣ እኔ ለአሥር ሰዓት ሹሩባ ስሠራ፣ እሱ ማታ ሚስቱ ዘንድ ይገባ ነበር። እናቷ እንዴት ናት፣ በሰላም ተገላገለች ወይ ማለት ይገባኝ ነበር፤ አንድ ደህና ሰው የሚለው እሱን ነው። አልጠየቅሁም። ክርስትና እናት ከልጅቱ ወላጆች ጋር አበልጅ ትሆናለች፤ አበልጅ እንደ ሥጋ እህትና ወንድም ነው፣ እስከ ዕለተ ሞት አይጋባም። ይህን ጎንደር ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም፤ የድጓ መምህር ልጅ ደግሞ እንዴት አድርጋ ትስተዋለች። ይሁን፣ በሩ ከተዘጋ ደህና አድርጎ ይዘጋ አልሁ በልቤ። በዚያም ላይ በዚህ ዓለም ዘመድ ሁኚኝ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

«እሺ» አልሁት።

የሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ከአራዳ ለልጅቱ ነጭ ልብስና ማተብ ገዝቼ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፈርሁ። ወገራ ሜዳው ላይ ገብሱ አሽቶ ነበር። ዳባት ስንደርስ መኪናው ዕቃ ለማራገፍ ቆመ፤ እኔም ያንን ለዓመታት የፈራሁትን ስልክ የሚያዳምጠውን ሰው ለማየት አንገቴን አወጣሁ። የስልኩ ክፍል በር ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«ይኼ መቼ ነው የሚከፈት?» አልሁ።

«ሹሙ ጎንደር መደወል ሲፈልግ ነዋ» አለ ሾፌሩ፣ «በወር አንዴም፣ ሁለቴም። ሌላ ጊዜ ማን ይገባበታል?»

ማንም አልሰማንም ነበር።

ደባርቅ የደረስሁት ልክ በአሥር ሰዓት ነው፤ እሱ ማዞሪያው ላይ ሆኖ በእኔ ቦታ ከተቀመጠው ሰው ጋር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየቆጠረ ይሆናል። ቤቱን ሰው አሳየኝ። እናቱ በራፉ ላይ ልጅቱን ታቅፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጥቁር ለብሰዋል። እግራቸውን ልስም ዝቅ ስል አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝና ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ።

«አንቺ ነሽ ያቺ ጎንደሬዋ?»

«እኔ ነኝ፣ እሜቴ። እናቷስ የት አለች?»

«ምነው ልጄ፣ አልነገረሽም? እናቷማ በወለደች በሦስተኛ ቀኗ ሞተች።»

ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ያ የጠፋበት አሥር ቀን፣ ያ የሻከረ ድምፅ፣ በረኛው በእጁ እንዲነካ ማን ፈቀደለት ያልሁት ቀን! ሚስቱን ቀብሮ ከለቅሶ በተነሣ በማግስቱ ነው ስለ ኳስ የጠየቅሁት።

አሮጊቷ ግን አላበቁም። ልጅቱን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩና፣

«እኔ ነኝ የዳርሁት» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስት አላገባም ብሎ አቃጠለኝ። ጎንደር አንዲት ሴት አለች ይላል። የማን ልጅ ናት? እላለሁ፤ አላውቅም። ቤቷ ወዴት ነው? አላውቅም፣ ስለ ራሷ አትጠየቅም ይላል። ኧረ ልጄ፣ የማን ልጅ እንደሆነች የማትታወቅ ሴት ዘንድ ሽማግሌ ወዴት ይላካል? ወደ ሽቦው? በኋላ ሲታክተው፣ እንዳልሽው አለኝ። ሸጋ ልጅ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። ዓመት ከመንፈቅ አልቆየችም።»

«ታዲያ ምነው እኔን ለክርስትና ጠራኝ?»

«እኔስ ይህን ብዬው የለም! 'ሌላ የማውቃት ሴት የለችም' አለኝ። 'ደግሞ ለእኔ የምታስብ አይደለችም፤ ሚስቴ በሞተች ጊዜ እንኳ ምነው ድምፅህ አላለችኝም' አለ።» ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ስሚኝ ልጄ። ዓይንሽን አይቻለሁ። ገና አልረፈደም። ነገ ልጅቱን ጎረቤቴ ታንሣት፤ ነግሬያታለሁ፣ እሺ ብላለች። አንቺ እንግዳችን ነሽ፣ በልተሽ ጠጥተሽ ትሄጃለሽ። የሟቿ ሙት ዓመት ይውጣና ሽማግሌ ይላካል። የማን ልጅ እንደሆንሽ አሁን ራስሽ ትነግሪኛለሽ።»

እሱ ሲመሽ ገባ። ረጅም ነው፣ ጎበጥ ያለ፣ ጢሙ ለሐዘን አድጓል፤ በድምፁ ከገመትሁት ዕድሜው ያንሳል። «እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ፤ «እንኳን ደህና ቆየኸኝ» አልሁት። ሽቦ ሳይኖር መነጋገር አናውቅበትም ነበር።

ሲነጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጎረቤቷ ነጭ ለብሳ እናቱ አጠገብ ቆማለች። ጉም ዛፎቹ ላይ ተኝቶ ነበር። ካህኑ ከክርስትናው ቤት ብቅ አሉና፣

«ክርስትና እናቷ የት አለች?» አሉ።

እኔ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ጎረቤቷ አንድ እግሯን አንሥታለች። እሱ ከወንዶቹ በኩል ቀና ብሎ አየኝ፤ ያዣት ነው የሚለኝ ወይስ ተያት፣ ከዓይኑ ማንበብ አልቻልሁም። እናቱም ያዩኛል።

ዛሬ ሰው ሲያወድሰኝ፣ ለእናት አልባ ልጅ ብለሽ ነው ይሉኛል። ለጽድቅ አልነበረም። ፈራሁ። ያንን ድምፅ በአሥር ሰዓት አውቀዋለሁ፤ ግድግዳው ሥር የቆመውን ጢማም ሰው ግን አላውቀውም። ሙት ዓመት እስኪወጣ ቢለወጥስ? ሽማግሌው ቢላክ፣ አባት በሌለው ቤት ማን ተቀምጦ ይቀበለዋል? ባል ደግሞ ይሞታል፤ አይቼዋለሁ። አበልጅ ግን አይፈታም፣ ዕድሜ ልኩን የራስ ነው። ያለኝን ትንሽ ነገር እንዳላጣ ብዬ፣ ትልቁን ለመጠየቅ አቅም አጣሁ። ከእናቱ ክንድ ልጅቱን ተቀበልሁና «እኔ ነኝ» አልሁ።

እናቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በልጅቱ ፈንታ ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን ካድሁ፤ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አመንሁ። ካህኑ በግእዝ የሚሉትን አንድ ፊደል ሳልስት ስከተላቸው ገረማቸው። ውሃው ሲነካት ጮኸች፤ በነጩ ልብስ ጠቀለልኋት፤ ማተቧ ታሰረላት። ከዚያ ቅዳሴው ተጀመረ፣ ቆርባ ወጣች። እኔ ያን ሁሉ ሰዓት ቆሜ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ልጅቱ ስትስቅ ትንፋሿ ይቀድም ይሆን ወይ እያልሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ልጅቱን ለአያቷ መለስሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። እሱ ከወንዶቹ መካከል ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። ከአንድ ቀን በፊት እጄን ይዞ ቢታይ ደባርቅ ወር ሙሉ የሚያወራው ነገር ያገኝ ነበር። አሁን ሁለት ትከሻዬን ያዘና፣ በካህናቱ፣ በእናቱና በአገሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ ጉንጬን እያገላበጠ ሳመኝ። ማንም ዞር ብሎ አላየንም።